ከውጭ የከሰለ፣ ከውስጥ ጥሬ፦ ዶሮን ከመጥበስ በፊት በሞቀ ውሃ ማብሰል ለምን አስፈለገ?

በጥልቅ ዘይት የሚጠበስ ዶሮ ከአብሳዩ ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ቆዳውና በላዩ የተለበጠው ዱቄት ደርቆ፣ ወርቃማ ቀለም ይዞ፣ ሲቆረጠም ድምፅ እንዲሰጥ ከ160 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጋለ ዘይት ያስፈልገዋል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ሥጋ ግን ወዙን ሳያጣ እንዲበስል ከተፈለገ ሙቀቱ ከ75 ዲግሪ ብዙም ማለፍ የለበትም። ዘይቱ አንድ ነው፤ በዘይቱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም አንድ ነው።

ውጤቱን ቀምሶ የማያውቅ ጥቂት ነው። አንዳንዴ እንደ ጥጥ ደርቆ ጉሮሮ ላይ የሚቆም የደረት ሥጋ ይቀርባል። አንዳንዴ ደግሞ ውጩ ጠቁሮ ከአጥንቱ ሥር ገና ደም የሚያሳይ ታፋ ይመጣል። የመጀመሪያው ምግብ ቤቱን ደንበኛ ያሳጣዋል፤ ሁለተኛው ደንበኛውን ሐኪም ቤት ያደርሰዋል።

በዓለም ዙሪያ በርካታ ምግብ ቤቶች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ዶሮው በመጀመሪያ አየር በወጣለት ከረጢት ታሽጎ፣ ከመፍላት እጅግ ዝቅ ባለ ሙቀት በውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይበስላል። ከዚያ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ብቻ ወደ ጋለ ዘይት ይገባል። ፈረንሳዮች የመጀመሪያውን ደረጃ ‘ሱ ቪድ’ ይሉታል፤ አየር በሌለበት ማብሰል እንደማለት ነው።

ዘዴው በአውሮፓ ውድ ምግብ ቤቶች ቢወለድም፣ የሚፈታው ችግር በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ከተሞች ጎልቶ ይታያል። ምክንያቱ ደግሞ የጠባሹ ችሎታ ሳይሆን የአየሩ ግፊት ነው።

ከፍታና ዘይት ምን አገናኛቸው?

አዲስ አበባና አሥመራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ናይሮቢ ወደ 1,800 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊት ሲቀንስ ደግሞ ውሃ ቶሎ ይፈላል። በሞምባሳና በጅቡቲ ወደቦች በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ፣ ናይሮቢ ላይ በ94 ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ92 ገደማ ይፈላል። ሽምብራና ባቄላ በደጋ አገር ለመብሰል ብዙ ሰዓት የሚወስዱት በዚሁ የተነሳ መሆኑን የደጋ እናቶች ያለ ፊዚክስ መጽሐፍ ሲያውቁት ኖረዋል።

ዘይት ግን ለዚህ ሕግ አይገዛም። በአሥመራም በሞምባሳም እሳቱ ከበረታ እስከ 180 ዲግሪ ይግላል። ችግሩ የሚፈጠረው በዶሮው ውስጥ ነው። ጥሬ የዶሮ ሥጋ ከክብደቱ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ውሃ ነው። በዘይት ውስጥ የሚታየው መንተክተክና አረፋ ዘይቱ የሚፈላበት ሳይሆን ከሥጋው የሚወጣው ውሃ እንፋሎት የሚሆንበት ነው። ይህ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ሥጋ ከውሃው የመፍያ ሙቀት በላይ ሊሞቅ አይችልም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሙቀቱን ወደ አጥንቱ የሚገፋው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ የተገታ ንብርብር ነው። ውስጡ ይዘገያል። ውጩ በበኩሉ ውሃውን ቶሎ ስለሚያጣ ቶሎ ይደርቃል፤ ቶሎም ይጠቁራል።

የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር በከፍታ ቦታ ለሚጠብሱ ሰዎች የሚሰጠው ምክር የዘይቱን ሙቀት መቀነስ ነው። በየ1,000 ጫማ ከፍታ ወደ 3 ዲግሪ ፋራናይት ይቀነስ ይላል። ወደ አዲስ አበባ ሲመነዘር 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሆናል። በሞምባሳ በ180 የሚጠብስ ሰው አዲስ አበባ ላይ ወደ 167 ማውረድ አለበት ማለት ነው። ይህም የመጥበሻውን ጊዜ ያረዝማል፤ ደረቱንም የበለጠ ያደርቀዋል። አንዱን ሲጠግኑት ሌላው ይላላል።

ታላላቆቹ የተጠበሰ ዶሮ ሻጮች ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈተውታል። ኋላ ላይ ኬኤፍሲ የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት አሜሪካዊው ሃርላንድ ሳንደርስ፣ በአውሮፓውያኑ 1939 አዲስ ገበያ ላይ የዋለ የግፊት ድስት ገዝተው ዶሮ ለመጥበስ አዋሉት። የግፊት መጥበሻ ክዳኑ ተጠርቅሞ ሲዘጋ በውስጡ ያለው ግፊት ስለሚጨምር በሥጋው ያለው ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በላይ ነው። ሥጋው ቶሎ ይበስላል፤ ውሃውም ውስጡ ይቀራል። የግፊት መጥበሻ በአዲስ አበባ ተራራ ላይ የሚፈጠረውን ነገር ገልብጦ ይሠራል ማለት ይቻላል። ድርጅቱ በአውሮፓውያኑ 2011 ናይሮቢ ላይ ሱቅ ሲከፍት ከፍታው ብዙም ያላሳሰበው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መሣሪያ ውድ ነው፤ በግፊት ሥር ያለ የጋለ ዘይት ደግሞ በአያያዙ ላልሠለጠነ ሰው አደገኛ ነው።

ቀቅሎ መጥበስ አዲስ አይደለም

ዶሮን ከዘይት በፊት ማብሰል የፈረንሳዮች ግኝት አይደለም። በኬንያ ‘ኩኩ ኪየንየጂ’ የሚባለው ያገር ቤት ዶሮ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ይቀቀላል፤ ከዚያ ይጠበሳል። ሲሯሯጥና ሲጭር የኖረ ዶሮ ጡንቻው ጠንካራ ስለሆነ በቀጥታ ዘይት ውስጥ ቢገባ ጥርስ ይፈትናል። የሐበሻ ዶሮ የሚጠብሱ ኢትዮጵያውያን አብሳዮችም ይህንኑ ያደርጋሉ። በኢንዶኔዥያ ዶሮው በቅመምና በጥቂት ውሃ በስሎ፣ ውሃው ከተመጠጠ በኋላ ነው ወደ ዘይት የሚሄደው። የደቡብ ቻይናዎቹ ካንቶኖች ደግሞ ሙሉ ዶሮ በቅመም ውሃ አብስለው፣ ቆዳውን በአየር አድርቀው ይጠብሳሉ። በኒው ዮርክ ስመ ጥር የሆነው የዴቪድ ቻንግ ምግብ ቤት ሞሞፉኩ ያሳተመው አሠራርም ዶሮውን በጨው ውሃ ዘፍዝፎ፣ በእንፋሎት አብስሎ፣ አቀዝቅዞ መጥበስ ነው።

መቀቀል ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ35 ወይም በ40 ቀናት ለገበያ የሚደርሰው የፈረንጅ ዶሮ እንደ ሐበሻው ጠንካራ አይደለም። ለግማሽ ሰዓት ቢንተከተክ ደረቱ ይበጣጠሳል፤ ጣዕሙም ወደ ሾርባው ይሄዳል። ሾርባው ለሌላ ወጥ የሚውል ከሆነ ኪሳራው ያን ያህል አይደለም። ምግብ ቤቱ ሾርባ የማይሸጥ ከሆነ ግን ጣዕሙን ወደ ቱቦ እየደፋ ነው።

ከታሸገው ከረጢት ምንም አይወጣም። የዘዴው አንዱ ጥቅም ይኸው ነው።

ከዝይ ጉበት እስከ ዶሮ ታፋ

በዝቅተኛ ሙቀት የማብሰልን ሐሳብ በጽሑፍ ካሰፈሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ካውንት ራምፎርድ በሚል ማዕረግ የሚታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ቤንጃሚን ቶምፕሰን ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድንች ለማድረቅ በሠራው ማሽን ውስጥ የበግ ሥጋ አስገብቶ ሌሊቱን አሳደረውና ጠዋት ያገኘው ጣዕም አስገረመው። በከረጢት የማሸጉ ነገር የመጣው ግን በ1970ዎቹ ነው። ፈረንሳዊው አብሳይ ዦርዥ ፕራሉስ በአውሮፓውያኑ 1974፣ ሮአን ከተማ ለሚገኘው የትሯግሮ ቤተሰብ ምግብ ቤት የሰባ የዝይና የዳክዬ ጉበት ሲበስል ቅቤ ሆኖ የሚጠፋበትን መጠን ለመቀነስ መፍትሔ ይፈልግ ነበር። በፕላስቲክ ደራርቦ ጠቅልሎ በዝግታ ቢያበስለው ብክነቱ እጅግ ቀነሰ። በዚያው ዘመን ሳይንቲስቱ ብሩኖ ጉሶ በበሬ ሥጋ ላይ ተመሳሳይ ምርምር እያካሄደ ስለነበር፣ የሙቀቱንና የሰዓቱን ቀመር በማውጣትና ታላላቅ አብሳዮችን በማሠልጠን ዘዴውን አስፋፋው።

ለረጅም ጊዜ ውሃውን በትክክለኛ ሙቀት የሚይዘው መሣሪያ ከሳይንስ ቤተ ሙከራ የሚመጣ ነበር። አሜሪካዊው አብሳይ ቶማስ ኬለር በአውሮፓውያኑ 2008 ስለ ዘዴው አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሲያሳትም እንኳ መሣሪያው ለተራ ቤት የሚገዛ አልነበረም። ነገሩን የቀየረው ከ2012 ወዲህ የመጣው፣ ማንኛውም ድስት ጠርዝ ላይ የሚሰካ፣ ውሃውን እያሞቀ የሚያዘዋውር ዱላ መሰል መሣሪያ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ ለሚያስመጣው ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው በ120 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ ሶኬት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል።

በሥጋው ውስጥ ምን ይካሄዳል?

የዶሮ ሥጋ ሲበስል የሚለወጡት ፕሮቲኖች ሁሉም በአንድ ሙቀት አይለወጡም። ማዮሲን የሚባለው ከ50 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ቅርጹን ይለውጣል፤ ሥጋው ከሚያብለጨልጭ ጥሬነት ወጥቶ ነጭ የሚሆነው ያኔ ነው። አክቲን የተባለው ሌላኛው ፕሮቲን የሚለወጠው ከ66 ዲግሪ አንስቶ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ ሲኮማተር በጡንቻው ጭረቶች መካከል ያለውን ውሃ እንደተጨመቀ ጨርቅ ያስወጣዋል። የደረት ሥጋ ድርቀት ማለት በአብዛኛው ይኸው ነው። ስለዚህ ደረትን ከ60 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ሙቀት ማብሰል ማዮሲኑን አብስሎ አክቲኑን ሳይነኩ ማለፍ ነው።

ታፋና ቅልጥም ሌላ ጉዳይ ናቸው። ዶሮዋ ቀኑን ሙሉ የምትቆምባቸው ስለሆኑ ኮላጅን የተባለው ጠንካራ ማያያዣ ይበዛባቸዋል። ኮላጅን ወደ ለስላሳ ጄላቲን የሚቀየረው ጊዜና ሙቀት ሲያገኝ ነው፤ ከ70 ዲግሪ ከፍ ሲል ደግሞ ይፈጥናል። በ63 ዲግሪ የበሰለ ታፋ ደህንነቱ የተጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ግን እንደ ጎማ ይለጠጣል። ከ68 እስከ 74 ዲግሪ ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ቢቆይ ይሻለዋል። ዶሮን በ12 ብልት ለሚያወጣ ማኅበረሰብ ይህ አያስገርምም፤ እያንዳንዱ ብልት የራሱ ጠባይ እንዳለው የሚታወቅ ነው። የፈረንጅ አገር አብሳይም ሁሉንም በአንድ ከረጢት ካጨቀ ያበላሻል።

እዚህ ላይ ከፍታ እንደገና ይነሳል፤ በዚህ ጊዜ ግን ከአብሳዩ ጎን ቆሞ። 63 ዲግሪ ከ92ም ከ100ም በታች ነው። ውሃው ጭራሽ ስለማይፈላ ሞምባሳ ላይ የተሠራው ቀመር ለውጥ ሳይደረግበት አዲስ አበባ ላይ ይሠራል።

63 ዲግሪ ከበሽታ ያድናል?

ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው እንኳ ዶሮን ጥሬ አይነካም። ትክክል ነው። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉት ባክቴሪያዎች በዶሮ ላይ በብዛት የሚገኙ ሲሆን፣ ተቅማጥና ትኩሳት ከማስከተል አልፈው ሕፃናትንና አቅመ ደካሞችን ለሞት ሊያበቁ ይችላሉ። በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ ሽታውን ያጠፋል እንጂ ባክቴሪያውን አይገድለውም። እንዲያውም የጤና ተቋማት ጥሬ ዶሮን በቧንቧ ውሃ ማጠብን የማይመክሩት ፍንጥቅጣቂው ባክቴሪያውን ወደ ሰላጣውና ወደ ሳህኑ ስለሚያደርስ ነው።

በብዙ ቦታ የሚጠቀሰው 74 ዲግሪ ባክቴሪያው ወዲያውኑ የሚሞትበት ሙቀት ነው። ባክቴሪያ ግን ከዚያ ባነሰ ሙቀትም ይሞታል፤ የሚለየው የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ወተት በፓስተር ዘዴ ሲታከም ሳይፈላ ንጹህ የሚሆነው በዚሁ መርህ ነው። በአሜሪካ የምግብ ደህንነት ሰንጠረዥ መሠረት የዶሮ ሥጋ ማዕከሉ 60 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በዚያው መቆየት አለበት። በ63 ዲግሪ 10 ደቂቃ ገደማ፣ በ66 ዲግሪ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቁታል። የስብ መጠኑ ሲጨምር ጊዜውም በመጠኑ ይጨምራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቃል ‘ማዕከሉ’ የሚለው ነው። ጊዜው የሚቆጠረው ከረጢቱ ውሃ ከገባበት ሳይሆን የሥጋው መሐል የተባለው ሙቀት ላይ ከደረሰበት ቅጽበት ነው። ሙቀት በሥጋ ውስጥ የሚጓዘው በዝግታ ሲሆን፣ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜ በግምት አራት እጥፍ ይሆናል። ከፍሪጅ የወጣና ውፍረቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ የደረት ሥጋ በ63 ዲግሪ ውሃ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ያስፈልገዋል። ከማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ የወጣ ከሆነ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል። ከረጢቶቹ በድስቱ ውስጥ ከተደራረቡ ውሃው በመካከላቸው ስለማይዘዋወር እንደ አንድ ወፍራም ሥጋ ይቆጠራሉ። ይህ በተለይ በበዓል ዋዜማ ሁሉንም በአንድ ድስት ለመጨረስ ለሚቻኮል ወጥ ቤት ትልቅ ወጥመድ ነው።

በኋላ የሚመጣው መጥበስ ስህተቱን ያርማል ብሎ ማሰብም አደገኛ ነው። በዘይት ውስጥ የሚያልፉት 2 ደቂቃዎች ቅርፊቱን እንጂ መሐሉን አይነኩትም። የምግቡ ደህንነት ሙሉ በሙሉ በውሃው ላይ የተመሠረተ ነው።

አንድ ነገር ደንበኛን ያስደነግጣል። የፈረንጅ ዶሮ ገና ጫጩት ሳለ ስለሚታረድ አጥንቱ አልጠነከረም፤ ከመቅኔው የሚወጣው ቀለም በአጥንቱ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሐምራዊ ያደርገዋል። በሚገባ የበሰለ ሥጋ ላይም ይታያል። ቀለሙ የመብሰል ማረጋገጫ አይደለም፤ ቴርሞሜትሩ ነው። ይህን ለተራበ ደንበኛ ማስረዳት ግን ቀላል ስላልሆነ፣ ብዙ አብሳዮች አጥንቱን አስቀድመው ያወጡታል ወይም ሙቀቱን ወደ 74 ከፍ ያደርጉታል።

ወደ ዘይቱ ሲመጣ

ከከረጢቱ የወጣ ዶሮ ርጥብ ነው፤ በላዩም እንደ ሙጫ የሚያንሸራትት ጄላቲን ይዟል። በዚህ ሁኔታ ዱቄት ቢለበጥ ቅርፊቱ በዘይት ውስጥ ተገፍፎ ይቀራል። ውሃው የጋለ ዘይት ሲነካ የሚፈጥረው ፍንዳታም የአብሳዩን እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማድረቅ ነው፤ በንጹህ ጨርቅ ወይም በወረቀት በሚገባ ማበስ፣ ጊዜ ካለም ለጥቂት ደቂቃዎች በወንፊት ሽቦ ላይ ማሳረፍ።

ከዚያ ሦስት ደረጃ ይከተላል። መጀመሪያ ደረቅ ዱቄት፣ ቀጥሎ አሬራ፣ በመጨረሻ እንደገና ዱቄት። የአሜሪካ ደቡብ ነዋሪዎች ዶሮ የሚዘፈዝፉበት ነገር ትርጉሙ ሲፈለግ ከአሬራ ሌላ አይደለም፤ ቅቤ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ጎምዛዛ ፈሳሽ። በስንዴ ዱቄቱ ላይ ሩቡን ያህል የበቆሎ ስታርች መጨመር ቅርፊቱን ያጠነክረዋል። ከተለበጠ በኋላ 10 ደቂቃ ቢያርፍ ዱቄቱ ርጥበቱን ጠጥቶ ይጣበቃል።

ለሐበሻ ጣዕም የሚደክም አብሳይ የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። በርበሬ በዱቄቱ ውስጥ በብዛት ከገባ በ180 ዲግሪ ዘይት ቶሎ ይጠቁራል፤ ይመራልም። በርበሬው ሥጋው በተዘፈዘፈበት የጨው ውሃ ውስጥ ወይም በከረጢቱ ውስጥ ቢገባ ጣዕሙን ይሰጣል። ሚጥሚጣም ትኩሱ ዶሮ ከዘይት እንደወጣ ቢነሰነስ ይሻላል። ሎሚ ግን በከረጢት ውስጥ ለሰዓታት ሲቆይ ሥጋውን እንደ ጠመኔ ስለሚያደርገው ለማዕድ ይቆይ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርትም በ63 ዲግሪ ስለማይበስል የሚከረክር ጠረኑን አይለቅም።

የዘይቱ ሙቀት ከ180 እስከ 190 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል። ሥጋው አስቀድሞ ስለበሰለ ‘ውስጡ ደረሰ ወይ?’ የሚል ጥያቄ የለም፤ አብሳዩ የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነው። ከፍታው ያመጣው ጣጣም እዚህ ላይ ያበቃል። ሥጋው ከውሃው ሞቅ እንዳለ ቢገባ ዘይቱ ብዙም አይቀዘቅዝም። ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ግን 3 ደቂቃ መሐሉን ስለማያሞቀው በከረጢቱ እንዳለ በ60 ዲግሪ ውሃ መልሶ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ውጩ የሚፋጅ፣ ውስጡ በረዶ የሆነ ዶሮ ይቀርባል።

ለአነስተኛ ምግብ ቤት ትልቁ ጥቅም ምናልባት ጣዕሙ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ከጥሬው 15 ደቂቃ የሚፈጀው ታፋ በ3 ደቂቃ ይወጣል፤ አንድ መጥበሻ በምሳ ሰዓት የሚያስተናግደው ሰው ይበዛል። ዘይቱም በአንድ ዶሮ ላይ የሚግልበት ጊዜ ስለሚያጥር ቶሎ አይጠቁርም። የምግብ ዘይት በተወደደበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መብራት ሲጠፋ

በፓሪስ የተጻፈ መመሪያ የማያነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ ዶሮው በውሃ ውስጥ እያለ መብራት ቢጠፋስ?

ክዳን ያለው ሙሉ ድስት ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው። የምግብ መያዣ በረዶ ሳጥን፣ ቅዝቃዜን እንደሚይዝ ሁሉ ሙቀትንም ስለሚይዝ ለረጅም ሰዓት ያቆያል። አደጋው የሚጀምረው ሥጋው ወደ 54 ዲግሪና ከዚያ በታች ወርዶ ሲቆይ ነው። ከ5 እስከ 54 ዲግሪ ባለው መካከል ባክቴሪያ ይራባል። መብራት መቼ እንደጠፋ የማያውቅ፣ ሲመለስም ውሃው ስንት ዲግሪ እንደነበር ያልለካ አብሳይ ያን ዶሮ መሸጥ የለበትም። ሥጋው አስቀድሞ በሚገባ በስሎ ከነበረና ውሃው ገና ከ54 በላይ ከሆነ ወዲያው አውጥቶ መጥበስ ይቻላል።

ሁለተኛው አደጋ ከሙቀት ይልቅ ከአየር አልባነቱ የሚመነጭ ነው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ አየር በሌለበት ቦታ የሚያድግ ሲሆን፣ ዘሩ በ63 ቀርቶ በ92 ዲግሪም በቀላሉ አይሞትም። የሚያመነጨው መርዝ ሽባ ያደርጋል፤ ይገድላልም። የኒው ዮርክ ከተማ የጤና ቢሮ በአውሮፓውያኑ 2006 በርካታ ስመ ጥር ምግብ ቤቶች የደህንነት ዕቅድ አቅርበው እስኪያጸድቁ ድረስ ዘዴውን እንዳይጠቀሙ ያገደው በዚሁ ስጋት ነበር። በስሎ ወዲያው የሚጠበስ ዶሮ ላይ ይህ ስጋት አይነሳም። ለፋሲካ ገበያ ተብሎ ከሦስት ቀን በፊት በስሎ በከረጢት የሚቀመጥ ዶሮ ላይ ግን ይነሳል። የሚቀመጥ ከሆነ በረዶ በበዛበት ውሃ ወዲያው መቀዝቀዝ አለበት። የአሜሪካ የምግብ ሕግ ከ57 ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት፣ በጠቅላላው በ6 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ወደ 5 ዲግሪ እንዲወርድ ያዛል። ከዚያም ከ3 ዲግሪ በታች በሆነ ፍሪጅ ይቀመጣል። ፍሪጁ በቀን ሁለት ጊዜ በሚጠፋበት ሰፈር ይህን ማረጋገጥ ስለማይቻል፣ የሚበጀው በዕለቱ አብስሎ በዕለቱ መሸጥ ነው።

የከረጢቱም ጉዳይ አለ። ከገበያ የሚገኘው ስስ ፌስታል ለዚህ ሥራ አልተሠራም፤ ሙቀት ሲነካው ይቀደዳል፤ ከምን እንደተሠራና ምን እንደተጨመረበትም አይታወቅም። የሚያስፈልገው ለምግብ የተፈቀደ ወፍራም የፖሊኤትሊን ከረጢት ነው። ኬንያ ከአውሮፓውያኑ 2017፣ ሩዋንዳ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ በፌስታል ላይ ጠንካራ እገዳ ጥለዋል፤ በእነዚህ አገሮች ያሉ ምግብ ቤቶች የሚጠቀሙት የማሸጊያ ዓይነት ለእገዳው የማይጋለጥ መሆኑን ከገዙ በኋላ ሳይሆን ከመግዛታቸው በፊት ቢያጣሩ ይበጃቸዋል። አየር ማውጫ ማሽን የሌለው ሰው ግን አይቸገርም። አፉ የሚቆለፍ ከረጢት ቀስ እያለ ወደ ውሃው ሲገባ የውሃው ግፊት አየሩን ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ አፉ ውሃው ጋ ሲደርስ መቆለፍ ነው።

የሐበሻ ዶሮስ?

በሳምንት አንድ ዶሮ ለሚጠብስ ቤት ይህ ሁሉ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ጥሩ የምግብ ቴርሞሜትር ከሁሉም ይቀድማል። በወፍራም ድስት ውሃ ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ድረስ አሙቆ፣ እሳቱን አለዝቦ፣ በየ10 ደቂቃው እየለኩ ዶሮውን በጨው ውሃ ማብሰል ከማሽኑ ውጤት ብዙም አይርቅም። የሚቀረው ነገር ቢኖር የአብሳዩ ነፃነት ነው፤ ከድስቱ አጠገብ መራቅ አይችልም።

ለሁለት ዓመት ሲጮኽ ለኖረ አውራ ዶሮ ደግሞ ስሌቱ ይለያል። ኮላጅኑ በዕድሜው ስለተቆላለፈ 2 ሰዓት አይበግረውም። በ70 ወይም በ75 ዲግሪ ከ8 እስከ 12 ሰዓት በከረጢት ሊቆይ ይችላል፤ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ቢወጣ ሥጋው ሳይበጣጠስ ይላላል። ነገር ግን ለ12 ሰዓት የሚቆጥረው የኤሌክትሪክ ቆጣሪና መሐል ላይ ሊጠፋ የሚችለው መብራት ሲታሰብ፣ የቀድሞው ቀቅሎ የመጥበስ ልማድ ለዚህ ዶሮ አሁንም የሚሻለው መንገድ ይመስላል። ከረጢቱን የመረጠ ሰው ሲከፍተው የሚያገኘውን ወፍራም ጭማቂ አይድፋው፤ ተንተክትኮ በሽንኩርትና በጥቂት ቅቤ ከተመታ ለተጠበሰው ዶሮ ማጥቀሻ ይሆናል።